ባለዘንዶዋ ስኬትቦርዴን እንዴት እንደገና መንገድ ላይ እንዳወጣኋት

የድሮ ስኬትቦርድ ቤታችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። እኔ የልጅነት ቦርዴን ከእናቴ ቤት ቤዝመንት አውጥቼ፣ ፈታትቼ፣ መቀየር ያለበትን ቀይሬ አሁን በየሳምንቱ እየነዳኋት ነው፣ ስለዚ እንዴት እንዳደረኩት በደንብ ልጽፈው ፈለኩ። በፈረንጆቹ 80ዎቹ ልጅ ሆነን አሜሪካ ከመጣን ሀበሾች ውስጥ ስኬት እናደርግ የነበርን ብዙ አልነበርንም ግን ነበርን፣ ዲሲም ሎስ አንጀለስም፣ እና አሁን ሁላችንም ሃምሳ ዙሪያ ነን፣ ጉልበቴን ወገቤን ማለት ጀምረናል። እኔ ደሞ በዚህ ዕድሜ የሚሆነን ቦርድ ያው ያኔ የነበረን ሰፊው ቦርድ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ፣ የአሁኑ ቀጭኑ አይደለም። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የኔዋ ፓወል ፔራልታ ናት፣ የስኬተሩ የስቲቭ ካባሌሮ፣ ባለዘንዶዋ። ለማታውቁት፣ ፓወል ፔራልታ የሚባለውን የስኬትቦርድ ኩባንያ ጆርጅ ፓወልና ስቴሲ ፔራልታ በ1978 ነው የመሰረቱት፣ ቦንስ ብሪጌድ የሚባለው ቡድናቸው ውስጥ ቶኒ ሃውክ፣ ካባሌሮ፣ ማይክ ማክጊል፣ ላንስ ማውንቴን፣ ቶሚ ጉሬሮ፣ ሮድኒ መለን ነበሩ፣ አጽሙን ዘንዶውን ሰይፉን እየሳለ ቦርዶቹን ያሳመራቸው ደሞ ቬርነን ኮርትላንት ጆንሰን ነው። እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ከስሙ በፊት በቦርዱ ስዕል ነበር የሚታወቀው። እኔ ጋዜጣ እያደልኩ ባጠራቀምኩት ነው የገዛኋት፣ ያኔ አንድ ሙሉ ቦርድ ከነትራኩ (ጎማዎቹን ከእንጨቱ ጋር የሚያገናኘው) ከነጎማው ከ100 ዶላር በላይ ነበር፣ ለኛ ቤት 100 ዶላር ማለት ደሞ ቀልድ አይደለም። እናቴ ስታያት ክው አለች። «ዘንዶ! ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋውን ዘንዶ ልጄ በገንዘቡ ገዝቶ ቤቴ ያስገባ?» አባዬ ከሶፋው ሳይነሳ «ቆሞበት እኮ ነው የሚሄደው፣ ዳዊቱስ ዘንዶውን ትረግጣለህ አይደል እንዴ የሚለው» አላት። በቃ፣ ከዛ በኋላ ስለ ቦርዷ ክፉ ተናግራ አታውቅም፣ እንደውም ደጅ ትቻት ዝናብ ሲመጣ አስገብታ በፎጣ የምታደርቃት እሷ ነበረች። እንጨቷ እስከዛሬ ያልተበላሸው በእማዬ ነው ብል ማጋነን አይደለም፣ ቤዝመንት ውስጥም መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ነበር ያስቀመጠቻት። እርጥበት ነው የድሮ ቦርድ የሚገድለው።

ስኬትቦርድ ያየሁት ዲሲ ነው እንጂ በኩሽኔታ መሄድን የለመድኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ከጋራዥ ያለቀ ኩሽኔታ ለምነን ጣውላ ላይ ገጥመን ያንን ቁልቁለት ስንወርደው ብረቱ አስፋልት ላይ እየጮኸ ሰፈሩን ሁሉ ያስወጣ ነበር። እዚህ መጥቼ መጀመሪያ የገረመኝ ዝም ማለቱ ነው፣ ያው ኩሽኔታ ነው፣ ግን ዙሪያው ዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የተሰራ ጎማ አለው። ያ ጎማ ደሞ የተገኘው ከኛ ሩቅ አይደለም፣ በ70ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የሚባል ወጣት ቨርጂኒያ ፐርሰልቪል ያለ ፋብሪካ ለሮለር ስኬት የሚሰራውን የዩሬቴን ጎማ አይቶ ቦርዱ ላይ ገጠመው፣ ከዛ ካሊፎርኒያ ላይ ካዲላክ ዊልስ ብሎ መሸጥ ጀመረ። ከሱ በፊት የነበረው ጎማ ወይ ብረት ወይ የሸክላ ዓይነት ነገር ነበር፣ ጠጠር ሲነካ ቦርዱ ቀጥ ይላል፣ የቆመበት ሰው ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ስፖርቱን ስፖርት ያደረገው እሱ ጎማ ነው።

አባዬ ዳውንታውን ፓርኪንግ ነበር የሚሰራው፣ የብዙዎቻችሁ አባቶች እንደሰሩት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳውን ይዤለት እሄዳለሁ፣ ህንጻው ባዶ ነው፣ ሲሚንቶው ሊሾ ነው፣ ከላይኛው ፎቅ ተነስቼ በመጠምዘዣው እስከ ታች። መኪና ሲገባ አባዬ ከታች ያፏጭልኛል፣ እኔ ግድግዳው ጋ ጥግ እይዛለሁ፣ መኪናው ሲያልፍ እንደገና። ስኬት ማለት ለኔ ያ ነው፣ መዝለል ሳይሆን መታጠፍ፣ ጉልበት አጥፎ ትከሻን ወደምትሄድበት ማዞር፣ ጎማው እንዳይንሸራተት ክብደትህን ተረከዝህ ላይ ከዛ ጣትህ ላይ መጣል። ትልልቆቹ ልጆች ፍሪደም ፕላዛ ነበር የሚውሉት፣ እኛ ፑላስኪ ነው የምንለው በጄኔራሉ ሀውልት ምክንያት፣ በ1980 ዌስተርን ፕላዛ ተብሎ የተከፈተ በ1988 ለማርቲን ሉተር ኪንግ ክብር ስሙ የተቀየረ አደባባይ ነው፣ መሬቱ ላይ የከተማዋ ፕላን በድንጋይ ተነጥፎበታል። ፖሊስ ሲመጣ ቦርድ ብብት ስር ከቶ ሩጫ ነው። ኢስት ኮስት ላይ ስማቸው ከሚጠራው ስኬተሮች ብዙዎቹ እዛ ነድተዋል።

ከዛ 90ዎቹ መጡና ቦርዱ ሁሉ ተቀየረ። አለን ጌልፋንድ በ70ዎቹ መጨረሻ ቦውል (እንደ ሳህን የጎደጎደ ገንዳ) ውስጥ የፈጠረውን ኦሊ፣ ማለትም ቦርዱን በእጅ ሳይዙ አብሮ መዝለልን፣ ሮድኒ መለን ሜዳ ላይ ካወረደው በኋላ ሰው ሁሉ ቦርድ መገልበጥ ፈለገ፣ ለመገልበጥ ደሞ ቀላልና ቀጭን ቦርድ፣ እንደ ጭራው የተነሳ አፍንጫ፣ ትንንሽ ጎማ ያስፈልጋል። የኔ ዓይነቱ 10 ኢንች ወርድ ያለው፣ አፍንጫው አጭር፣ ጭራው ሰፊ የሆነው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሱቅ ጠፋ። ልጆቹ የሚሰሩትን ሳይ አሁንም አከብራቸዋለሁ፣ ግን ደረጃ ዘሎ ማረፍ የሃያ ዓመት ልጅ አጥንት ይፈልጋል። መታጠፍ ግን አይፈልግም።

እሺ ወደ ስራው። መጀመሪያ ሁሉንም ፈታሁ። መፍቻው በኢንች ሶስት ቁጥር ብቻ ነው፣ የትራኩ መሀል ያለው ትልቁ ብሎን ዳዶ 9/16፣ የጎማው 1/2፣ ትራኩን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ትንንሾቹ 3/8። የዛጉትን ብሎንና ዳዶ ነጭ አቼቶ ውስጥ አሳድሬ በብሩሽ ስፈትጋቸው አብዛኞቹ ጸዱ። ትራኩን ግን አቼቶ ውስጥ እንዳትከቱ፣ አካሉ አሉሚኒየም ነው ይበላዋል፣ እሱን በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው ያጠብኩት። የኔ ትራኮች ኢንዲፔንደንት 169 ናቸው፣ እነሱ አይሞቱም፣ የሚሞተው መሀላቸው ያለው ጎሚኒ ነው፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር፣ ትራኩን በእጅ ብታጥፉት ንቅንቅ አይልም። አዲስ ጎሚኒ ጥቂት ዶላር ነው፣ እና ይሄ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣው ነገር ነው። ብዙ ሰው የድሮ ቦርዱ ላይ ወጥቶ «እንዴ ድሮ እንዲህ ነበር እንዴ የሚከብደው» ብሎ የሚተወው በሱ ምክንያት ይመስለኛል፣ ደረቅ ጎሚኒ ነው እንጂ ዕድሜያችሁ አይደለም።

እንጨቱ 7 ንብርብር ሜፕል ነው። ዙሪያውን በጥፍሬ እየነካካሁ ንብርብሩ የተላቀቀበት ካለ ፈለኩ፣ ጭራው ጋ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። የእንጨት ኮላ በስሪንጅ ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ከላይም ከታችም ቁራጭ ኮምፔርሳቶ አድርጌ ሞርሳ ላይ አሳደርኩት፣ ከዛ ጠርዙን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ማስኬድ። ትራኩ የሚታሰርበት ቀዳዳ አካባቢ ስንጥቅ ካለ ግን አትንዱት፣ እሱ ኮላ አይመልሰውም፣ እንደዛ ዓይነቱ ብቻ ነው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል የማይቆጨኝ።

ስዕሉን ላድሰው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ ተውኩት። ያ ጭረት ሁሉ የሆነ ጠርዝ ነው፣ የሆነ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቀለም ብቀባው ያንን ነው የምሸፍነው። ከስር ግራና ቀኝ የታሰሩትን የፕላስቲክ ሀዲዶች ስፈታቸው ደሞ የሸፈኑት ቦታ ላይ ቀለሙ ልክ ከሱቅ እንደወጣ ነው፣ ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት፣ እሷ ሁልጊዜ ግራጫ ዘንዶ ነው ብላ ነበር የምታስበው። በነገራችን ላይ ያልተነዱ የዛን ዘመን ቦርዶች ሰብሳቢዎች ጋ በመቶዎች አንዳንዴም በሺዎች ዶላር ይሸጣሉ፣ የተነዳ ቦርድ ያን ያህል አያወጣም፣ ስለዚ የተነዳ ካላችሁ ለመንዳት የሚያስፈራ ነገር የለም።

ላዩ ላይ ያለው ሸካራ ግሪፕ ቴፕ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ በቀላሉ ይላጣል። አዲስ ስታዙ ወርዱን እዩ፣ ሱቅ ያለው የተለመደው ግሪፕ 9 ኢንች ነው፣ 10 ኢንች ቦርድ አይሸፍንም፣ 11 ኢንች እዘዙና ትርፉን ቁረጡ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያደናግር የቀዳዳው ነገር ነው። ትራክ የሚታሰርባቸው አራት ቀዳዳዎች በድሮ ቦርድ ላይ በርዝመት 2.5 ኢንች ነው የሚራራቁት፣ በ90ዎቹ መጀመሪያ ወደ 2.125 ወረደ፣ በወርድ ግን 1.625 እንደሆነ ቀረ። ስለዚ አዲስ ትራክ ገዝታችሁ ድሮ ቦርድ ላይ ልግጠም ብትሉ ሁለቱ ብሎን ብቻ ነው የሚገባው። ትራፓኖ አታንሱ! እንጨቱን ሳትበሱት ስድስት ቀዳዳ ያለው ትራክ ፈልጉ፣ ለሁለቱም ይሆናል። የድሮ ትራካችሁ ካለ ደሞ እሱን አጽዱት በቃ።

ጎማ ላይ አልሰሰትኩም። የድሮዎቹ ቢጫ ሆነው፣ ደርቀው፣ አንዳንዱ ጋ ተቆርሰው ነበር፣ ዩሬቴን በጊዜ ብዛት እንደዛ ነው የሚሆነው ምንም ብታደርጉ። 60 ሚሊሜትር 90ኤ ገዛሁ። 90ኤ የሚለው ጥንካሬው ነው፣ 78 አካባቢ ለስላሳ ነው የተበላሸ አስፋልት ላይ ጥሩ ነው፣ 97 አካባቢ ደረቅ ነው ፓርክ ውስጥ ይፈጥናል ግን የዲሲን የእግር መንገድ በጥርሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ሁለቱንም ስለምፈልግ መሀሉን ያዝኩ። ትልቅ ጎማ ስታደርጉ ትራኩና እንጨቱ መሀል የፕላስቲክ ማንሻ አስገቡ፣ 1/4 ኢንች ለኔ በቅቶኛል፣ አለበለዚያ አጥብቃችሁ ስትታጠፉ ጎማው እንጨቱን ነክሶ ቦርዱ ድንገት ይቆማል። ኩሽኔታው ሁሌም 608 ነው፣ ውስጡ 8 ውጩ 22 ሚሊሜትር፣ የየትኛውም ዘመን ይገጥማል፣ የድሮውን በአልኮል አጥቦ ጠብታ ዘይት ማድረግ ይቻላል ግን ዝገት ውስጡ ከገባ አዲስ ይሻላል።

አሁን ስለ መንዳቱ። የመጀመሪያውን ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ነው ያደረኩት፣ ባዶ ፓርኪንግ ላይ በግራ መታጠፍ በቀኝ መታጠፍ። ሰውነት ያስታውሳል፣ ትከሻ በተለይ፣ ግን ቁርጭምጭሚት ጊዜ ይፈልጋል። ሄልሜት፣ የጉልበትና የእጅ አንጓ መከላከያ ሳላደርግ አልወጣም፣ በኛ ዕድሜ አንጓ ተሰብሮ ስራ መቅረት ቤተሰብ ይጎዳል። ከዛ ስላፒ ጀመርኩ፣ ስላፒ ማለት ሳትዘሉ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ በሰያፍ መጥታችሁ ፊተኛውን ትራክ ክብደት አንስታችሁለት ማስወጣት፣ ኋለኛው ይከተላል፣ ከዛ ሁለቱም ትራኮች ብረት በድንጋይ እየፈጩ ይሄዳሉ። ጠርዙን ሻማ ወይ ሰም መቀባት ነው። ዝላይ የለውም፣ ጉልበት አይጎዳም፣ ከባድና ሰፊ ቦርድ ደሞ ለዚህ ነው የተፈጠረው፣ ጠርዙን ሲመታ አይናወጥም። እኔ ከሰፊው ቦርድ ውጭ ሌላ አያስፈልገንም የምለው ለዚህ ነው፣ ያኔ የሰጠን ደስታ ሙሉ በሙሉ አሁንም አቅማችን ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ በፈረንጆቹ 2016 ስኬትፓርክ ከተከፈተ ወዲህ የወንድሜ ልጅ እዛ ስኬት ታደርጋለች፣ እሷ የምትፈልገው ቀጭኑን ነው፣ ልክ ናት፣ ወጣት ናት። ስትጠይቀኝ ሁልጊዜ ኩሽኔታ፣ ጎማና ግሪፕ ነው፣ ስለዚ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለ ሻንጣው ውስጥ ከቸኮሌቱ ይልቅ ሁለት ፓኬት 608 ቢከት ብዙ ልጅ ደስ ይለዋል።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ ዲሲ ያለው ሾው ስኬትፓርክ ነኝ፣ ሮድ አይላንድ አቬኑ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት በጊዜ፣ ልጆቹ ሳይሞሉት። ከዛ በእግር ዘጠነኛው መንገድ ወዳሉት የሀበሻ ቤቶች ሄጄ ቡናዬን እጠጣለሁ፣ ቦርዷ ወንበሩ ስር። ባለፈው አንድ የኔ እኩያ የሆነ ሰው አይቷት «ይቺን እኮ እኔም ነበረችኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ጋ ናት» አለኝ፣ አምጥቷት አሁን የሱም ጋራዤ ውስጥ ተፈታትታ ትራኮቹ ሳሙና ላይ ናቸው፣ እንጨቷ ደህና ነው፣ ጎሚኒ ብቻ ነው የምንጠብቀው።