በአከራይዋ ስልክ የተነገረው ቀጠሮ

የቡናው ወቅት በተያዘበት በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ጅማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ኃላፊ ሆኜ እሠራ ነበር። ቀጠሯቸው የሚያልፍባቸው ታካሚዎች በዝተውብን ስለነበር፣ ክሊኒኩ በራሱ እየደወለ የተቀረጸ ድምፅ የሚያሰማ ሶፍትዌር ከውጭ አስመጣ። ስልክ ቁጥሮቹን ከካርድ ላይ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባሁትም፣ መልእክቱን ያረቀቅሁትም እኔ ነኝ። መልእክቱ የታካሚውን ስም፣ የሕክምናውን ዓይነትና የቀጠሮውን ቀን ይናገር ነበር፤ ሁሉም ነገር በግልጽ ከተነገረ ታካሚው አይሳሳትም ብዬ አምኜ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ በአንድ መጋዘን ቡና በመልቀም የምትተዳደር ወጣት ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት መጣች። «ጋሼ፣ ለአከራዬ ማን ነገራት?» አለችኝ። የራሷ ስልክ ስላልነበራት ካርድ ስታወጣ የሰጠችን የአከራይዋን ቁጥር ነበር። ጥሪውን ያነሡት አከራይዋ የልጅቷን ስም፣ ቀጥሎም «የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት» የሚለውን ሰምተው በዚያው ምሽት ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት። ልጅቷ መድኃኒቱን ከጀመረች ከሁለት ወር በላይ ሆኗት ነበር። መድኃኒት የሚሠራለት ሰው በአግባቡ ከወሰደ ደግሞ፣ በሽታውን ወደ ሌላ የማስተላለፍ ዕድሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ይቀንሳል። ይህን ለአከራይዋ ሊያስረዳ የሚችል ባለሙያ ክሊኒካችን ውስጥ ነበረ፤ የደወለላቸው ግን ጥያቄ የማይቀበል ድምፅ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ልጅቷ የስድስት ወሩን መድኃኒት ልታቋርጥ ማሰቧ ነበር፤ ሲቋረጥ ጀርሙ መድኃኒቱን ሊላመድ እንደሚችል ሲስተሮቹ በየቀኑ ሲናገሩ እሰማለሁና።

በዚያው ቀን ጥሪውን አስቁሜ የሶፍትዌሩን መመሪያ ከመጀመሪያው አነበብሁት። ሶፍትዌሩ የተሠራው ለአሜሪካ ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሕግ አውቶማቲክ ጥሪዎችን ይገድባል፤ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤና ተቋማት ልዩ ፈቃድ ሲሰጥም፣ ጥሪው ተቀባዩን ወጪ የማያስወጣ፣ ታካሚው ራሱ በሰጠው ቁጥር ብቻ የሚደረግ፣ ከ1 ደቂቃ የማይረዝም፣ በቀን ከ1 በሳምንትም ከ3 የማይበልጥ እንዲሆን፣ ማስታወቂያም የክፍያ ጥያቄም እንዳይኖረው፣ ተቀባዩም ወዲያው ሊያስቆመው እንዲችል አዟል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ጥሪውን ለማስቆም የሚጫን ቁጥር ተዘጋጅቶ ነበር፤ እኛ ግን ማብራሪያውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መቅረጽ ጊዜ ይወስዳል ብለን ዘግተነዋል። መልእክቱን ራሱን በአማርኛ ብቻ መቅረጻችንም፣ አፋን ኦሮሞ ለብዙ ታካሚ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በሆነበት ከተማ፣ ትልቅ ጥፋት ነበር።

የአሜሪካው ሕግ ጅማ ላይ አያስገድደንም። የሚያስገድደን የራሳችን ሕግ ነው፤ እኔም ያላነበብሁት እሱን ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና በስልክ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 399 የሙያ ምሥጢር ማውጣትን ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል፤ መረጃው ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልም ይጠይቃል። ልጅቷ ቁጥሩን የሰጠችው እንድትገኝበት ነው እንጂ ሕመሟ እንዲነገርበት አልነበረም። አንድ ሰው በካርዱ ላይ ስልክ ማስመዝገቡን እንደ ፈቃድ መቁጠራችን የስሕተቱ ሥር እንደሆነ የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሦስት ቀን ተከራከርን። እሳቸው መልእክቱ ይስተካከል እንጂ ጥሪው ይቀጥል አሉ፤ በዚያው ዝርዝር የአልትራሳውንድ የዋጋ ቅናሽ ማስታወቂያ የመላክ ሐሳብም ነበራቸው። ማስታወቂያውን ፈጽሞ ተቃወምሁ፤ ለቀጠሮ ብሎ ቁጥሩን የሰጠን ሰው ለገበያ አልሰጠንምና። አዋጁን ከፍቼ ዓላማን የሚመለከተውን ክፍል ባነበብሁላቸው ጊዜ ሐሳቡን ተዉት፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ካርድ የሚያወጣ ሁሉ ስልኩ የማን እንደሆነ፣ ሌላ ሰው የሚያነሣው እንደሆነ፣ እንዲደወልለት ይፈቅድ እንደሆነና በየትኛው ቋንቋ እንደሚፈልግ ይጠየቃል፤ መልሱም በፊርማው ይያዛል። አዲሱ መልእክት በሁለት ቋንቋ ተቀርጾ ቀጠሮ መኖሩን ብቻ ይናገራል፤ ስምም ሕመምም አይጠራም፤ ጥሪው እንዳይደገም የሚፈልግም 2 ቁጥርን ይጫናል።

ለልጅቷ ግን ይህ ሁሉ ዘግይቶ መጣ። ሲስተራችን በልጅቷ ፈቃድ አከራይዋን ቤታቸው ድረስ ሄዳ አነጋገረቻቸው፤ የወሩ ኪራይ እስኪያልቅ ታገሱላት እንጂ ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ልጅቷም ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሌላ ቤት ተከራየች። ይቅርታ የጠየቅኋት መስኮቱን ትቼ ወጥቼ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። መድኃኒቷን አላቋረጠችም። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ አዲሱን ቅጽ አንብቤላት እንዲደወልላት ትፈቅድ እንደሆነ ስጠይቃት «አይደወልልኝ» አለችኝ፤ እኔም «አልፈቀዱም» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ የቀጠሮዋን ቀን በቁራጭ ወረቀት በእጄ ጽፌ ሰጠኋት።