«የፍሬን ሸራው አልቋል» ሲሏችሁ «ስንት ሚሊ ሜትር ቀረው?» በሉ

ዓመታዊው የመኪና ምርመራ ሲደርስ ባለመኪናን የሚያንገበግበው መውደቁ ብቻ አይደለም። በምን እንደወደቀ በቅጡ ሳያውቅ መክፈሉ ነው። ወረቀቱ ላይ «ፍሬን ደካማ»፣ «የፊት እግር ልቅ»፣ «ጭስ» የሚሉ ሁለት ሦስት ቃላት ይጻፋሉ። ጋራዡ ደግሞ ከእነዚህ ቃላት ተነስቶ የሚቀየሩ ዕቃዎችን ዝርዝር ያወጣል። ዕቃው ተቀይሮ መኪናው ሲመለስ በዚያው ምክንያት እንደገና የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነገር አጥብቆ መጠየቅ ነው፤ ቁጥርና ቦታ። «ፍሬን ደካማ» ፍርድ እንጂ መለኪያ አይደለም። «የኋላ ቀኝ 1.9፣ የኋላ ግራ 2.6 ኪሎ ኒውተን» (ኪሎ ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) ግን የትም ጋራዥ ይዛችሁት ልትሄዱ የምትችሉት መረጃ ነው። ስለዚህ ከምርመራ ጣቢያው ስትወጡ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የሚለውን ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ያተመውን ንባብ ጠይቁ። መኪናው ቢያልፍም ያዙት፤ በሚቀጥለው ዓመት ከአዲሱ ጋር አስተያይታችሁ ምን እየደከመ እንደመጣ ታያላችሁ።

ከፍሬን እንጀምር፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚያ ነው።

መኪናው ጎማውን የሚያሽከረክረው የፍሬን መለኪያ (ሮለር) ላይ ሲወጣ ማሽኑ የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን ኃይል ለየብቻ ይለካል። በአንድ አክስል (በፊት ወይም በኋላ ረድፍ) ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች ልዩነት ለትልቁ ንባብ ተካፍሎ በመቶኛ ይሰላል። ከላይ ባለው ምሳሌ 2.6 ሲቀነስ 1.9 ልዩነቱ 0.7 ነው፤ ለ2.6 ሲካፈል 27 በመቶ ገደማ ይሆናል። በብዙ አገሮች የውድቀት መስመሩ 30 በመቶ ስለሆነ ይህ መኪና ያልፋል፣ ግን ጠርዝ ላይ ቆሟል። አጠቃላይ ብቃቱ ደግሞ የአራቱ ጎማዎች ኃይል ተደምሮ ለመኪናው ክብደት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ክብደቱ 13.7 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው፤ የአራቱ ጎማዎች ድምር 7.5 ከሆነ ብቃቱ 55 በመቶ ገደማ ነው።

አሁን ስህተቱ የሚሠራበት ቦታ ላይ ደረስን። ግራና ቀኝ ሲለያይ ብዙ ጋራዦች ወዲያው ሸራ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመውን ክፍል፣ ይቀይራሉ። ግን ሁለቱም ጎማዎች ላይ እኩል ውፍረት ያለው ሸራ ካለ ልዩነቱን ያመጣው ሸራው አይደለም። የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ተንሸራታች ፒን ቅባቱ ደርቆ ይዞ ይሆናል፤ ምልክቱ የውስጠኛው ሸራ ከውጨኛው ይልቅ አብዝቶ መበላቱ ነው። ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጎ ይሆናል። የፍሬን ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አንቆ ይሆናል፤ ይህኛው ፔዳሉን ከለቀቃችሁ በኋላም ጎማው ቶሎ እንዳይፈታ ያደርጋል። ወይም ሸራው ላይ ዘይት ፈስሷል። ከእነዚህ አንዱ እያለ አዲስ ሸራ ማስገባት ያንኑ ንባብ መልሶ ማምጣት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋተኛው ደካማው ጎማ ሳይሆን ሌላኛው ነው፤ ሳይረገጥም ፍሬኑ የሚይዝ ጎማ ንባቡ ከፍ ይላል። ፔዳሉ ሳይነካ የሚታየውን ኃይል ማየት ይህን ይለያል።

ሁለት ቀላል ነገሮችም ውጤቱን ያዛባሉ። ለሳምንታት የቆመ መኪና ዲስኩ ላይ ዝገት ስለሚይዝ ከምርመራው በፊት ነፃ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል ማብረድ ዲስኩን ይጠርገዋል። ሁለተኛው፣ በምርመራው ዕለት ጠዋት ሸራ አታስቀይሩ። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ንባቡ ከአሮጌው ሊያንስ ይችላል።

ሸራ «አለቀ» የሚባለው መቼ ነው? የአብዛኞቹ መኪኖች አዲስ የፊት ሸራ የሚበላው ክፍል ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ሚሊ ሲቀረው ይቀየራል። 6 ሚሊ የቀረውን «ለጥንቃቄ» ማስቀየር ከዕድሜው ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ መጣል ነው። ዲስክ ደግሞ የሚፈቀደው አነስተኛ ውፍረት ራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ሲለካ ጠርዙ ላይ ያለው ያልተበላ ከንፈር እንዳያታልል ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፤ ተራ መለኪያ ከንፈሩ ላይ ያርፍና ቀጭኑን ዲስክ ወፍራም አድርጎ ያሳያል። ቶርኖ አስገብቶ ማስላጨትም ሒሳብ ይፈልጋል። ዝቅተኛው 20 ሚሊ የሆነ ዲስክ 20.6 ላይ ካለ፣ ከየጎኑ 0.4 ሲላጭ 19.8 ይሆናል። ያ ዲስክ ያኔውኑ የሚጣል ነው፤ ለቶርኖ የተከፈለው ከሰረ።

የእጅ ፍሬን በብዙ ቦታ ቢያንስ 16 በመቶ ብቃት ይጠየቅበታል። ታምቡር (ሸራው ከውስጥ ተከፍቶ የሚጫነው ከበሮ መሰል ክፍል) ባላቸው መኪኖች ላይ ሲላላ ቶሎ የሚደረገው ገመዱን ከማንሻው በኩል ማጥበቅ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ታምቡሩ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ሸራው ወደ ታምቡሩ ይጠጋል፣ ገመዱ የሚስተካከለው በመጨረሻ ነው። ገመዱን ብቻ ያጠበቀ ሰው ሸራው ሁልጊዜ በከፊል ተከፍቶ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ራስ ሰር ማስተካከያውም መሥራቱን ያቆማል።

የፍሬን ዘይት በቀለም አይዳኝም። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል። ከአየር እርጥበት እየሳበ 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወደ ታች የሚሰምጠው ይህ ውሃ እንፋሎት ስለሚሆን ነው። በሁለት ዓመት መቀየሩ ተገቢ ነው፤ ጠቁሯል ተብሎ በየስድስት ወሩ መቀየር ግን ትርፍ ወጪ ነው።

«የፊት እግር ልቅ» ሌላው ጭፍን ፍርድ ነው። የትኛው ዕቃ? በየት በኩል? ይህን ለማወቅ ክሪክና ሁለት ሰው ይበቃሉ። ጎማው ከመሬት ይነሣና በሰዓት አቆጣጠር 12 እና 6 የሚሆንበት ላይ ተይዞ ይነቃነቃል። ከተነቃነቀ ሁለተኛው ሰው ፍሬን ይርገጥ። ንቅናቄው ከጠፋ ልቅ የሆነው ኩሽኔታው ነው፤ ከቀጠለ ቦል ጆይንት (የእግሩ ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ወይም የእግሩ ጎማ ቡሽ ነው። 3 እና 9 ላይ ተይዞ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ የመሪው ዘንግ ጫፍ ይጠረጠራል፤ እጅ መገጣጠሚያው ላይ ሲደረግ ንቅናቄው ይዳሰሳል።

ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ ግን መልሱን ይለውጠዋል፤ ይህን የሚሳሳቱ ልምድ ያላቸው መካኒኮችም አሉ። ሞላው የታችኛው ክንድ ላይ በሚቀመጥበት መኪና ክሪኩ በዚያው ክንድ ሥር፣ ለጎማው ተጠግቶ መግባት አለበት። በቦዲው በኩል ከተነሣ ሞላው ክንዱን ገፍቶ ቦል ጆይንቱን ስለሚወጥረው ያለቀውም ጤነኛ ይመስላል። ሾክ አብዞርበሩና ሞላው አንድ ላይ የተሠሩበት ማክፈርሰን እግር ያለው መኪና ግን በቦዲው በኩል ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ነው የሚታየው።

ሾክ አብዞርበር ላይ ስስ የዘይት ወዝ መታየቱ ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። ዘይቱ ወደ ታች ሲወርድና ሲንጠባጠብ ነው የሞተው። የሲቪ ጆይንት (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ) የጎማ ሽፋን መቀደድም በጊዜ ከተያዘ ሽፋኑንና ግሪሱን ብቻ በመቀየር ያልቃል፤ መሪ ሲጠመዘዝ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከጀመረ ግን አሸዋ ገብቶ መገጣጠሚያውን በልቶታል።

ጭስን በተመለከተ ትልቁ ጠላት ብርድ ነው። ካታሊስት (ጭሱን የሚያጸዳው የጭስ ማውጫ ክፍል) በወጉ መሥራት የሚጀምረው ወደ 300 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ከቤት ወጥቶ አምስት ደቂቃ ተነድቶ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት በሚኒሞ የቆመ መኪና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። ሃያ ደቂቃ ያህል በደንብ ነድታችሁ ድረሱ፤ ተራችሁ ሲቃረብ ሞተሩን አታጥፉ። በከፍተኛ ዙር የሚለካው ላምዳ (የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ምጣኔ) ከ0.97 እስከ 1.03 ውስጥ ሆኖ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ብቻ ከ0.2 በመቶ ካለፈ ካታሊስቱን መጠርጠር ያስኬዳል። ላምዳው 1.08 ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚፈለገው የማርሚታ ቧንቧ ቀዳዳ ወይም አየር የሚስብ ቱቦ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት በርቶ ኮምፒውተር «ፒ0420» ሲያነብም ያው ነው። ኮዱ የካታሊስት ብቃት ዝቅ ብሏል ይላል እንጂ ካታሊስት ግዙ አይልም፤ ከኦክስጅን ሴንሰሩ አጠገብ ያለች የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ያንኑ ኮድ ታወጣለች። ኮዱን በምርመራው ዋዜማ ማስጠፋትም አይረዳም፤ የመኪናው ኮምፒውተር ራስን የመፈተሽ ሥራውን ከዜሮ ስለሚጀምር «ገና አልተዘጋጀም» የሚል ምልክት ይታያል፤ ያንን የሚያነቡ ጣቢያዎች ይመልሷችኋል።

መብራት ርካሹ ውድቀት ነው። የአጭሩ መብራት ጨረር በ10 ሜትር ርቀት ከአምፖሉ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ግድግዳ ላይ በቾክ አስምሮ ማየት ይቻላል። ለሃሎጅን በተሠራ መስታወት ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል ከገባ ጨረሩ ይበተናል፤ ቢያስተካክሉትም የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። በእኔ እምነት ከሚሰርቅ መካኒክ ይልቅ የሚገምት መካኒክ ብዙ ያስወጣል። ዕቃ እየቀያየረ የሚሞክረው በባለቤቱ ገንዘብ ነውና። ስለዚህ ምርመራውንና ጥገናውን በክፍያ ለዩት። ለመለካት ብቻ ክፈሉ፣ ውጤቱን በቁጥር ተቀበሉ፣ ከዚያ ማሠራት አለማሠራታችሁን ወስኑ። «ስንፈታው እናየዋለን» ለሚል መልስ «ፍቱትና ደውሉልኝ፤ ሳልፈቅድ ምንም እንዳይገጠም» ማለት ነውር የለበትም። ወረቀት ላይ ይጻፍ።

አሮጌ ዕቃ እንዲመለስላችሁ የምትጠይቁት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሁን። ሲያልቅ ከተጠየቀ «ተጥሏል» ይባላል። እንደ ካሊፐር፣ ዲናሞና ሞተሪኖ ያሉት አንዳንዴ አሮጌውን በመመለስ ስለሚገዙ ላይሰጧችሁ ይችላሉ፤ ቢያንስ አይታችሁ ፎቶ አንሱ። ዕቃው ከመኪናችሁ ላይ የወጣ መሆኑን ለማረጋገጥ አስቀድማችሁ በቀለም እስክሪብቶ ነጥብ ማድረግ ይበቃል። ተቀየረ የተባለውም ቦታ ይናገራል፤ ለዓመታት የተጋገረ ጭቃና ዝገት ያልተነካበት ብሎን በቁልፍ አልተፈታም።

የመሪ ዘንግ ጫፍ ከተቀየረ የጎማ አላይመንት የግድ ነው። ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለው ንባብ የታተመበትን ወረቀት ጠይቁ፤ አንዱ ብቻ ከተሰጣችሁ ምን እንደተስተካከለ የሚያሳይ ነገር የለም።

ጎማ የተፈታበት ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዳዶዎቹ በቶርክ ቁልፍ መጥበቃቸውን አይታችሁ ውጡ። ለአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መመሪያ ውስጥ አለ። በአየር መፍቻ ብቻ የጠበቀ ዳዶ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ከልክ በላይ ይጠብቅና ብሎኑን ወጥሮ ያስረዝመዋል፤ ዲስኩንም ሊያጣምም ይችላል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ እንደገና ራሳችሁ ፈትሹት።