በሳምንት ሁለት ሰዓት፦ ውጭ ለተወለዱ ልጆች ፊደል ማስቆጠር

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ ጠዋት የአማርኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ይመሳሰላል። እናቱ "ጫማህን አውልቅ" ስትለው ያወልቃል፤ "ለምን?" የሚለው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ልጅ "አማርኛ አይችልም" ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ጆሮው ሞልቷል፤ ያልተፈታው አፉና ዓይኑ ነው። ለአስተማሪ ከዚያ ጆሮ የበለጠ ሀብት የለም፤ ትምህርቱም መነሣት ያለበት ከእሱ ነው።

ብዙ ክፍሎች ግን ከ"ሀ" ይጀምራሉ። 33 ፊደል በ7 ድምፅ 231 ይሆናል። በሳምንት አንድ ቤት፣ ማለትም አንድ ፊደል ከነሰባት ድምፁ፣ ቢያዝ ዓመቱ በፊደል ብቻ ያልቃል። ቄስ ትምህርት ቤት ልጁ በየቀኑ ከገበታው ጋር ስለሚውል በዜማ መቁጠሩ ይሠራል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ሲሆን ግን ዜማው ይቀራል፣ ፊደሉ ይጠፋል። ልጁ ከላይ እስከ ታች ሳይሳሳት ይወርደዋል፤ "ሚ"ን ነጥለው ሲያሳዩት "መ፣ ሙ" ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። ደግሞም "ሀ" ለመነሻ አይመችም። "ሀ" እና "ሃ" በድምፅ አይለዩም፤ "ሐ" እና "ኀ"ም ከኋላ ይመጣሉ። ልጁ ደንቡን ሳያውቅ ከደንብ የወጣውን ያገኛል።

መነሻው በ፣ ለ፣ ሰ እና አ ቢሆን ይሻላል። አራቱም ባለ ሁለት እግር ናቸው፤ አካሄዳቸውም አንድ ነው። ካዕቡ (ሁለተኛው ድምፅ፣ "ቡ") ቀኝ ጎኑ ላይ ጭረት ያወጣል፤ ሣልሱ ("ቢ") ያቺን ጭረት ወደ እግሩ ጫፍ ያወርዳታል፤ ራብዑ ("ባ") የግራ እግሩ ያጥራል፤ ኃምሱ ("ቤ") ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ሳድስና ሳብዕ ("ብ" እና "ቦ") እንደየፊደሉ ስለሚለያዩ በቃል ከመያዝ ሌላ መላ የላቸውም። "አ" እንደ "ሀ" ያው የድምፅ ችግር አለበት፤ ያለ እሱ ግን ቃል አይሠራም። ስለዚህ "ኣ"ን ለጊዜው መተው ነው።

በነዚህ አራት ቤቶች ብቻ፣ በአራተኛው ሳምንት ልጁ "አበበ በሶ በላ" ብሎ ያነባል። አበባ፣ እባብ፣ ልብ፣ ልብስም ይነበባሉ። "ከ" ሲጨመር ስልክ፣ ኪስና ከሰል ይመጣሉ። በሶን ልጁ ላያውቀው ስለሚችል፣ አለርጂ እንዳለ ወላጅን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ትንሽ በቅቤና በጨው አሽቶ ማቅመስ ጥሩ ነው። ቀምሶት ያነበበውን ቃል አይረሳውም።

ልጁ በጆሮ የሚያውቃቸውን ቃላት መምረጥ የግድ የሚሆነው ጽሕፈታችን ሁሉን ስለማይነግር ነው። "ልብስ" የሚለው ላይ ሦስቱም ሳድስ ናቸው፤ "ል" ላይ አጭር አናባቢ ይሰማል፣ "ብ" እና "ስ" ላይ አይሰማም። ጀማሪ ሦስቱንም እኩል እየጎተተ ያነባል። ማጥበቅና ማላላትም አይጻፍም፦ "ገና" በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፣ "ገና አልመጣም" ሲሆን ይላላል። "ሰፊ" ልብስ የሚሰፋው ሰው ከሆነ ይላላል፣ ጠባብ ያልሆነው ከሆነ ይጠብቃል። ቃሉን ቤት ሰምቶ የሚያውቅ ልጅ አንዴ ጎትቶ ካነበበ በኋላ ራሱ ያርማል። ቃሉን የማያውቅ ልጅ ግን የሚያርምበት ነገር የለውም። ፊደሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ንባቡን መጻፍ መፍትሔ ይመስላል፤ እኔ ፈጽሞ አልመክረውም። ዓይን የለመደውን ብቻ ያነባል፣ አማርኛው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

አጻጻፍ ላይ የሚያስቸግረው ደብተሩ ነው። ሰፊ መስመር ያለው ደብተር ላይ "በ" እና "ባ" አይለዩም፣ የእግር ቁመት የሚለካበት ነገር የለምና። የሒሳብ ባለ ካሬ ደብተር ይግዙ። "በ" ሁለት ካሬ ቁመት ይኑራት፤ "ባ" ስትሆን የግራ እግሯ አንድ ካሬ ላይ ትቁም፣ የቀኙ እስከ ታች ይውረድ። "ሰ" እና "ሳ"፣ "ለ" እና "ላ"ም እንደዚሁ።

ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እንግሊዝኛ ውስጥ የሉም። ልጁ "መጣ" ሊል ፈልጎ "መታ" ይላል፤ "ቀዳ" "ከዳ" ይሆንበታል። "ጠንከር አድርገህ በል" ማለት አይረዳውም፣ ትንፋሹን ይጨምርና ይብስበታል። ቀጭን ወረቀት ከንፈሩ ፊት ያንጠልጥሉ። "ተ" ሲል ወረቀቱ ይርገበገባል። ቀጥሎ ትንፋሹን ጉሮሮው ላይ ይያዝ፣ እንደያዘ "ጠ" ይበል፤ ወረቀቱ ያን ያህል መነቃነቅ የለበትም። አንዴ ከያዘው "ቀ" በዚያው መንገድ ይመጣል።

ሌላው ሁሉም ቤት ያለው ስህተት "ብላ" እና "ብዪ" ነው። ልጅ የሚናገረው የተነገረውን ነው። ወንዱ ልጅ ቀኑን ሙሉ "ና"፣ "ብላ" ሲባል ስለሚውል እናቱንም "ብላ" ይላታል፤ ሴቷም ወንድሟን "ነይ" ትለዋለች። አያትን "አንቺ" ማለትም የሚመጣው ከዚሁ ነው እንጂ ከብልግና አይደለም፤ አዋቂዎች እርስ በርስ "እርስዎ" ሲባባሉ ልጁ አይሰማም። ሰዋስው ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። ሦስት ወንበር ያስቀምጡ፦ አንዱ ላይ ወንድ ልጅ፣ አንዱ ላይ ሴት ልጅ፣ ሦስተኛው ላይ ነጠላ የለበሰ "አያት"። ዳቦ ቆርሶ የሚያዞረው ልጅ "እንካ"፣ "እንኪ"፣ "እንኩ" እያለ ይሰጣል። ከተሳሳተ ተቀባዩ እጁን አይዘረጋም፣ ዳቦው ሰጪው እጅ ላይ ይቆያል፤ ሲያስተካክል ይወሰድለታል።