ምስሉን ሳላይ ቁጥር ያሳደድኩበት ስምንት ወር

ኮምፒውተር ቪዥን (ኮምፒውተር ምስል አይቶ እንዲረዳ ማድረግ) ልማር ብዬ ስነሳ ሦስት ወር ይበቃኛል ብዬ ነበር። ይኸው ስምንት ወር ሞላኝ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። በዚህ ነገር የተሞኘሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲይሞር ፓፐርት የተባለ የኤምአይቲ ተመራማሪ ለተማሪዎች የዕረፍት ወቅት ሥራ ብሎ አንድ ዕቅድ ጽፎ ነበር። ኮምፒውተሩ ካሜራ ያነሳውን ምስል ተቀብሎ “ይሄ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም፣ ይሄ ጀርባው ነው፣ ይሄ ትርምስ ነው” እያለ ይከፋፍላል። ቀጥሎ ዕቃዎቹን በየስማቸው ይጠራል። በአንድ ዕረፍት! ሥራው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ይህን የምጽፈው እንደኔው በትርፍ ሰዓታቸው ለሚማሩ ነው። ስለ ሒሳቡ ብዙ አልልም። እሱን ከእኔ በተሻለ የሚያስረዱ ሞልተዋል። የማወራው ጊዜዬ የት እንደጠፋ ነው።

1ኛ እና 2ኛ ወር

ትምህርት አየሁ፣ ማስታወሻ ያዝኩ። ኮንቮሉሽን (ትንሽ የቁጥር መስኮት በምስሉ ላይ እያንሸራተቱ ማስላት) ምን እንደሆነ በእጄ እያሰላሁ ተማርኩ። ጥሩ ነበር፣ ግን የሚወራ ነገር የለውም።

ፔፐር (የምርምር ጽሑፍ) ማንበብ ግን አስቸገረኝ። እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው መስመር ተነስቼ አነባለሁ። ገጽ 3 ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። አሁን መጀመሪያ ስዕሎቹን አያለሁ፣ ቀጥሎ ሠንጠረዡን፣ ከዚያ መደምደሚያውን። መሐሉን የማነበው ጥያቄ ሲኖረኝ ነው። በዚህ መንገድ ያነበብኩት የመጀመሪያው ፔፐር የ2012ቱ አሌክስኔት የተባለው ምስል ለዪ ሞዴል ነበር። ሠንጠረዡ ብቻውን ታሪክ ይናገራል። በኢሜጅኔት (ትልቅ የምስል መለያ ውድድር) ሁለተኛ የወጣው ሥራ ስህተቱ 26.2 በመቶ ነው፣ የአሌክስኔት 15.3። ያውም ሞዴሉ (ከምስል የሚማረው ፕሮግራም) የሠለጠነው እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት ሜሞሪ ባላቸው ሁለት የጌም ግራፊክስ ካርዶች ነው።

3ኛ ወር

አንድ ፔፐር መርጬ ልድገመው አልኩ። የሰውን ኮድ አውርዶ ማስኬድ ሳይሆን፣ ፔፐሩን አጠገቤ ዘርግቼ ከባዶ መጻፍ። የመረጥኩት በ2015 መጨረሻ የወጣውን ሬዝኔት የተባለ ምስል ለዪ ሞዴል ነው።

ለምን እሱን? ችግሩን ስለወደድኩት። ደራሲዎቹ 20 ንብርብር (ተከታታይ የስሌት ደረጃ) ያለው ኔትወርክና 56 ንብርብር ያለው ኔትወርክ ጎን ለጎን አሠለጠኑ። 56ቱ ባሰበት። በፈተናው ብቻ ቢሆን “ሸምድዶ ነው” ይባል ነበር። ግን በተማረበት ምስል ላይ ራሱ ባሰበት። ጥልቀት ሲጨመር ነገሩ እንዴት ይብሳል?

መፍትሔያቸው የዋህ ይመስላል። እያንዳንዱ ክፍል የገባለትን እንዳለ ያሳልፋል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ማስተካከያውን ይደምራል። እኔ የገባኝ በጽሑፍ አራሚ ነው። አራሚ ገጹን ከባዶ አይጽፈውም፣ በቀይ እስክሪብቶ ጥቂት ነገር ነካ ነካ ያደርጋል። የሚያርመው ካጣ ገጹን እንዳለ ያሳልፋል። ንብርብሩም ቢያንስ እንዳያበላሽ ቀላል መንገድ ተሰጠው ማለት ነው። በዚህ ሐሳብ ብቻ 152 ንብርብር ደረሱ።

እኔ 152 የማሠልጥንበት ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) የለኝም። ስለዚህ ትንሿን ሬዝኔት-20 ያዝኩ፣ በሲፋር-10 ዳታሴት (የምስል ስብስብ)። 60,000 ጥቃቅን ምስሎች ናቸው፣ ርዝመታቸውም ወርዳቸውም 32 ፒክስል። 10 ዓይነት ነገር አለ፦ ድመት፣ ውሻ፣ እንቁራሪት፣ መርከብ፣ አውሮፕላን ወዘተ። 50,000ው ለማሠልጠኛ፣ 10,000ው ለፈተና። ፔፐሩ ላይ የሬዝኔት-20 ስህተት 8.75 በመቶ ነው። ይህችን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳት። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

4ኛ ወር

የእኔ ውጤት 14.6 መጣ።

በማግሥቱ ለርኒንግ ሬቱን (ሞዴሉ በየእርምጃው ምን ያህል እንደሚታረም የሚወስነውን ቁጥር) ቀየርኩ፣ 14.9። ንብርብር ጨመርኩ፣ 14.4። ዌይት ዲኬይ (ሽምደዳን የሚገታውን ቅንብር) ነካካሁ፣ ምንም። በማሠልጠኛው ምስል ላይ ግን ስህተቱ ወደ ዜሮ ተጠግቷል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ኮዱን መስመር በመስመር አነበብኩት፣ ስህተት አላየሁም። በገዛ ጽሑፍህ ውስጥ የተገደፈ ፊደል እንደማይታይህ ማለት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ እየተገናኘን ፔፐር የምናነብ ሰባት ሰዎች አለን። እዚያ አማረርኩ። ግራፎቼን ሁሉ አሳየኋቸው፣ አምስት ግራፍ። ከመካከላችን ዝምተኛዋ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ሞዴሉ የሚያየውን ምስል አይተኸዋል?”

“ሲፋር ነዋ፣ ማን የማያውቀው አለ።”

“እሱን አይደለም። ሞዴሉ ውስጥ የሚገባውን ነው ያልኩህ።”

አላየሁም ነበር። ለአራት ወር አንድም ጊዜ።

የዚያን ማታ አንዲት እንቁራሪት መርጬ ሞዴሉ በ16 ዙር የሚያያትን 16 ምስል በአንድ ገጽ ላይ ደረደርኩ። ፔፐሩ እንደሚለው በየዙሩ ምስሉ ዙሪያውን 4 ፒክስል ይጨመርለታል፣ ከዚያ 32 በ32 የሆነ ቁራጭ በዘፈቀደ ይወሰድለታል፣ አንዳንዴም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ስለዚህ እንቁራሪቷ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ተገልብጣ መታየት አለባት። እኔ ገጽ ላይ ያሉት 16ቱም እንቁራሪቶች ግን አንድ ናቸው። ሁሉም ወደ ግራ ተገፍተው፣ ሁሉም በቀኝ በኩል ያችኑ ጥቁር ክር ይዘው። ቁልጭ ያለ ቅጂ!

ነገሩ ገባኝ። በዘፈቀደ መቁረጡን የጻፍኩት ዳታው ሲጫን ነው፣ በየዙሩ አይደለም። ምስሉ አንድ ጊዜ ይቆረጣል፣ ያው ቁራጭ እስከ መጨረሻው ይደጋገማል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ዝም ብሎ ትንሽ የከፋ ሞዴል ያስረክብሃል። የዚህ ሙያ ቡግ (የፕሮግራም ስህተት) እንዲህ ነው፣ አይጮህም።

ሁለት መስመር አዛወርኩ። ስህተቱ 9.7 ሆነ።

የቀረችው አንድ ከመቶ ደግሞ የንባብ ስህተት ሆና ተገኘች። ፔፐሩ ለርኒንግ ሬቱ በ32 ሺህ እና በ48 ሺህ እርምጃ ላይ በ10 ይካፈል፣ በ64 ሺህ ይቁም ይላል። እኔ በማስታወሻዬ 32፣ 48፣ 64 ብዬ ጻፍኩ፣ በኋላ ደግሞ እንደ ኢፖክ (ማሠልጠኛውን በሙሉ አንድ ዙር ማዳረስ) ቆጠርኳቸው። ባቹ (በአንድ እርምጃ የሚገባው የምስል ብዛት) 128 ሲሆን አንድ ኢፖክ 391 እርምጃ ነው። 64 ሺህ እርምጃ ወደ 164 ኢፖክ ይመጣል ማለት ነው። ሥልጠናውን ግማሽ ሳይደርስ ነበር የማቆመው። ያንን ሳስተካክል 8.6 ገባ። ከግድግዳው ላይ ወረቀቷን ነቅዬ ጣልኳት።

5ኛ ወር

ከዚያ በኋላ ምስል ማየት ሱስ ሆነብኝ። ሞዴሉ የሳታቸውን 800 እና ከዚያ በላይ ምስሎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ብዙዎቹ ድመትን ውሻ፣ ውሻን ድመት ያለባቸው ናቸው። ጥቂቶቹን እኔም አለየኋቸውም። 32 ፒክስል ውስጥ ያለ ቡናማ ድብልብል ነገር፣ በቃ።

አንዳንድ የፈተና ምስሎች ግን ከዚህ በፊት ያየኋቸው መሰለኝ። ፈልጌ ሳገኝ ማሠልጠኛው ውስጥም አሉ። ያው መኪና፣ ትንሽ ቀለሙ ተቀይሮ። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ቀድመውኛል። ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች ቆጥረውታል፣ ከሲፋር-10 ፈተና 3.3 በመቶ ያህሉ ማሠልጠኛው ውስጥ መንታ አለው። 100 ዓይነት ነገር ባለው በሲፋር-100 ደግሞ 10 በመቶ።

የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዚህም ራቅ ብለው ሄዱ። ዳታሴቱ መጀመሪያ በተሠራበት መንገድ አዲስ ፈተና አዘጋጁና የታወቁትን ሞዴሎች አስቀመጧቸው። ትክክለኛነታቸው በሲፋር ከ3 እስከ 15፣ በኢሜጅኔት ከ11 እስከ 14 ነጥብ ወረደ። ደስ የሚለው፣ ደረጃቸው ብዙም አልተፋለሰም። በአሮጌው ፈተና የበለጠው በአዲሱም አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። እንግዲህ ሠንጠረዡ ላይ ያለውን ቁጥር ተውት፣ ቅደም ተከተሉን ግን ማመን ይቻላል።

በዚሁ መንፈስ ያነበብኩት ሌላው የ2018 ሥራ የጆይ ቡላምዊኒ እና የትምኒት ገብሩ ነው። ጾታን ከፊት የሚለዩ የገበያ ሶፍትዌሮችን ፈተሹ። በአንዱ ላይ ለጠቆር ያሉ ሴቶች ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ፣ ቀላ ላሉ ወንዶች ከፍተኛው 0.8 በመቶ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ቁጥር ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በፊት የሠሩት ቆጠራ ነው። መመዘኛ የነበሩትን ሁለት የፊት ዳታሴቶች አዩ፣ በአንዱ 79.6 በመቶው፣ በሌላው 86.2 በመቶው ቀላ ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ዳታው በየቤተ ሙከራው ነበር። ቁጭ ብሎ ያየው ነው የጠፋው።

6ኛ እና 7ኛ ወር

ስለ ማኅበረሰቡ ትንሽ። በዚህ ዘርፍ ትልቁ መድረክ ጆርናል ሳይሆን ጉባኤ ነው። ሲቪፒአር የሚባለው ጉባኤ በየዓመቱ አለ፣ አይሲሲቪ የሚባለው በጎዶሎ ቁጥር ዓመት፣ ኢሲሲቪ በተጋማሽ ቁጥር ዓመት። ደስ የሚለው፣ ፔፐሮቹን ማንም ሰው በነፃ ያነባቸዋል፣ አብዛኞቹ ደግሞ ቀድመው አርካይቭ በሚባለው ነፃ የፔፐር ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። ለእንደኔ ዓይነቱ ውጭ ለቆመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሩ ግን ጠባብ ነው። በ2024 ለሲቪፒአር 11,532 ፔፐር ገብቶ 2,719 ብቻ አለፈ። ገምጋሚው የደራሲውን ስም አያውቅም፣ ደራሲውም የገምጋሚውን። መልስ ለመስጠት አንድ ገጽ ይፈቀድልሃል። ታዋቂው ሲፍት (ምስሎችን የሚያዛምድ ዘዴ) ሳይቀር የመጀመሪያ ቅጂዎቹ ተመላሽ ሆነው ነበር፣ ፈጣሪው ዴቪድ ሎው ራሱ ተናግሮታል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ የድግግሞሽ ሥራዬን በአራት ገጽ አሳጥሬ ለአንድ አነስተኛ ወርክሾፕ ላክሁ። ተመለሰ። ሁለቱ ገምጋሚዎች በጨዋ ቋንቋ “አዲስ ነገር የለውም” አሉ። ልክ ናቸው። ሦስተኛው አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ “8.6 የተገኘው በስንት ሙከራ ነው?”

ተናደድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ “ፔፐሩስ መቼ ብዙ ጊዜ ሞከረ” እያልኩ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ፔፐሩን ከፈትኩት። የሬዝኔት-110 መስመር ላይ 6.43 ይላል፣ አጠገቡ በቅንፍ 6.61±0.16። አምስት ጊዜ አሠልጥነው ምርጡንም አማካዩንም አስቀምጠዋል። ሠላሳ ጊዜ ያየሁት ሠንጠረዥ ነው፣ ቅንፏን ግን አንድም ቀን አላነበብኳትም።

አምስት ጊዜ አሠለጠንኩ፦ 8.31፣ 8.52፣ 8.44፣ 8.79፣ 8.60። አማካዩ 8.53። ከፔፐሩ እንደበለጥኩ እየቆጠርኩ ነበር እኮ! ከአምስቱ አንዱን ብቻ አሠልጥኜ 8.79ኙ ደርሶኝ ቢሆን ደግሞ ሌላ ወር ሙሉ የሌለ ቡግ ስፈልግ እከርም ነበር። አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ለርኒንግ ሬቱን የመረጥኩት የፈተናውን ውጤት እያየሁ ነው። እሱን ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ፈተናውን ሳልነካ ለመምረጥ ከማሠልጠኛው 5,000 ምስል ለይቼ እያስቀመጥኩ ነው።

8ኛ ወር

ዕቃ ወደ መለየት ዞሬያለሁ፣ ማለትም ነገሩ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንዳለ በሳጥን መክበብ። የያዝኩት ኮኮ የሚባለውን ዳታሴት ነው። ሞዴል ከመጻፌ በፊት 20 ምስል አውጥቼ ሳጥኖቹን በላያቸው ላይ ሣልኩ። ጉድ ነው፣ ውሻው መሐል ላይ ተኝቷል፣ ሳጥኑ ግን ጥጉ ላይ ተጨራምቷል፣ ግማሾቹ ጭራሽ አልተሣሉም። ኮኮ የሚሰጠው የግራ ላይኛውን ማዕዘን፣ ከዚያ ወርድና ቁመቱን ነው። እኔ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች የቀኝ ታችኛው ማዕዘን አድርጌ አንብቤያቸዋለሁ። አስተካክዬ ደግሜ ስሥለው ሳጥኑ ውሻው ላይ ልክክ አለ። የፈጀብኝ ዐሥር ደቂቃ ነው።