ከቁስቋም ሥር የተደበቀችውን ዕቃ በአራተኛው ቀን አገኘኋት

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጓደኛዬ ጎንደር ውስጥ ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው የጥድና የባሕር ዛፍ መንገድ ዳር የደበቃትን ዕቃ አገኘሁ። አራት ቀን ተመላልሼባታለሁ። ደስታው ሳይበርድልኝ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ በጂኦካሺንግ አንዱ ዕቃ ደብቆ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ይሰጣል፤ ሌላው ፈልጎ ያገኝና ውስጡ ባለው ደብተር ስሙንና ቀኑን ጽፎ በነበረበት ይመልሳታል። አሜሪካ በሲቪል ተጠቃሚው ላይ ሆን ብላ ታዛባው የነበረውን የጂፒኤስ ሳተላይት ምልክት ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ማዛባት አቆመች። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን አሳወቀ። ጨዋታው ከዚያ ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቁጥር በማንበብ ስሕተት ባከኑ። ጓደኛዬ የላከልኝ በዲግሪና በደቂቃ ነበር፤ ከነጥቡ በኋላ 450 ይላል። እኔ 45 ሰከንድ አድርጌ ወሰድሁት። 0.450 ደቂቃ ግን 27 ሰከንድ ነው። አንዱ ሰከንድ (የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን) መሬት ላይ ወደ 31 ሜትር ስለሚሆን፣ ከ550 ሜትር በላይ ርቄ ሌላ ጥግ ስቆፍር ከረምሁ። ቁጥር ሲደርሳችሁ በየትኛው አጻጻፍ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ትክክለኛው ቦታ ከደረስሁ በኋላ ነው። ከጥዶቹ ሥር ቆሜ ሳልንቀሳቀስ ስልኬ «4 ሜትር» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ «19 ሜትር»፤ ቀስቱ ደግሞ ወደ ኋላዬ ይዞራል። ቅጠሉና ዳገቱ ሰማዩን ይከልሉታል፤ የሚደርሰውም ምልክት ግንድና ድንጋይ እየነካ ስለሚመጣ ስልኩ ርቀቱን አሳስቶ ያሰላል። በዚያ ላይ የደበቀው ሰውም ቁጥሩን የወሰደው ከዚያው ዛፍ ሥር ነው። የእሱ ስሕተት 8 ሜትር፣ የእኔም 8 ሜትር ቢሆን፣ በ16 ሜትር ዙሪያ ያለውን ሁሉ መፈተሽ አለብኝ ማለት ነው። ይህ ወደ 800 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ያውም ድንጋይ በድንጋይ የሆነ ተዳፋት!

ስለዚህ «ቀስቱን ዜሮ እስኪል ተከተል» የሚለውን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ሦስተኛውን ቀን ሙሉ ያቃጠለብኝ እሱ ነው። አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ሰማይ የሚታይበት ገላጣ ቦታ ሄጄ ሦስት ደቂቃ ያህል ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ቁጥሩ ሲረጋ አቅጣጫውንና ርቀቱን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ይህንኑ ከሌሎች ሁለት ጎኖች እደግማለሁ። ሦስቱ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ እንጨት እተክልና ስልኬን ኪሴ ከትቼ በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ሐሙስ ዕለት እንጨቱን ተክዬ አንድ ሰዓት ያህል ፈለግሁ፤ ምንም የለም። አንዲት እናት የማገዶ ሸክማቸውን ይዘው ደረሱና «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ። ማስረዳቱ ከብዶኝ «ቁልፍ ነው እማማ» አልኋቸው። ይኸን ጊዜ ሸክማቸውን አውርደው አብረውኝ ቅጠል መግለጥ ጀመሩ። በጣም አፈርሁ። ይቅርታ ጠይቄ እውነቱን ነገርኋቸው፤ ስልኩንም አሳየኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ሊያርፉ ወደ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ሄዱ። ሳይቀመጡ ቆም አሉ።

«ይችን ማን ገለበጣት? ሁልጊዜ የማርፍባት እኮ ናት። ሽበቷ ወደ ታች ሆኗል!»

ልብ ብዬ አየሁ። ዙሪያዋን ያሉት ድንጋዮች ፀሐይና ዝናብ በሚያገኘው ፊታቸው ላይ ግራጫ ሽበት አብቅለዋል። የእሷ ፊት ግን ልሙጥ ነው፤ ደረቅ ጭቃና የሣር ሥር ተጣብቆበታል። ስናነሣት ከሥሯ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ክዳኗ በፕላስተር የታሸገች የቅመም ዕቃ ተቀምጣለች። እንጨቴ ከተተከለበት 11 እርምጃ ነበር። እማማ ከእኔ በላይ ተደሰቱ፤ ደብተሩ ላይ የእሳቸውንም ስም ጻፍሁ። ድንጋይዋን ስመልሳት ሽበቷን ወደ ላይ አደረግሁላቸው።

ለምትደብቁ ሁለት ነገር አለኝ። ቁጥሩን አንድ ጊዜ ወስዳችሁ አትሂዱ። እኔ ሐሙስ ሁለቴ፣ ዓርብ ጠዋት አንዴ ወስጄ አማካዩን ሳወጣ ከጓደኛዬ ቁጥር 9 ሜትር ተለያየ፤ ልኬለት አስተካክሎታል። ሁለተኛው፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥና ፋሲል ግቢን በመሰለ ጥንታዊ ግንብ ላይ በፍጹም አትደብቁ። ለአንዲት ዕቃ ሲባል ከኖራው የምትነቀል ድንጋይ አትመለስም። ዕቃችሁም ውስጡ የሚታይ ይሁን፤ ምን እንደሆነች በአማርኛ ጻፉባት፤ በሰላም ቀን እንኳ ጫካ ውስጥ የታሸገ ነገር ያገኘ እረኛ ይደነግጣል።

እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ አስቀምጡ። እዚያ ያገኘሁት እስክሪብቶ አልጽፍ ብሎኝ የእማማን ስም የጻፍሁት በራሴ እርሳስ ነው፤ እርሳሱንም እዚያው ትቼዋለሁ።