ቃል የበላሁ ዕለት

የካቲት 2006 ነው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ደብዳቤ አረቅቃለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ የአለቆችን ንግግር አዘጋጃለሁ። በእንግሊዝኛ የመጣ ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ጠረጴዛ ነው የሚላከው። በዚህ የተነሳ ቢሮው ውስጥ «ፈረንጁ» ይሉኛል። ስሙ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት አለቃዬ ጠራኝ። ፓርላማው የዓመቱ መካከል እረፍት ላይ ስለሆነ ከአካባቢያችን የተመረጡት አባል እሑድ ሕዝቡን ሊያወያዩ ይመጣሉ። ሰውየው የውጭ ግንኙነት ጉዳዮችን በሚያየው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ናቸው። ስለ ዓባይ ስምምነት ያስረዳሉ። ወፍራም የእንግሊዝኛ ሰነድ አስታቀፈኝና «ሁለት ገጽ አውጣልኝ፤ ለገበሬው የሚገባ ይሁን» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሲባል በዓይኔ የሚመጣው አምባሳደር ተቀብሎ ቡና የሚያስቀዳ ሰው ነበር። ያም አለ። ዋናው ሥራ ግን ወረቀት ነው። መንግሥት ከሌላ አገር ጋር የተፈራረመው ስምምነት ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ወደ ፓርላማ ይመጣል። ፓርላማው ለኮሚቴ ይመራዋል። ኮሚቴው የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ይጠይቃል፣ ሰነዱን አንቀጽ በአንቀጽ ያያል፣ ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይቀርባል። ቀልድ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ፓርላማው ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። እንግዳ ሆኖ አይቀርም፣ ቤተሰብ ይሆናል።

የእኛው ስምምነት ግንቦት 6 ቀን 2002 ኡጋንዳ ውስጥ ኢንቴቤ ላይ የተፈረመው ነው። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ይባላል። ፓርላማችን ሰኔ 6 ቀን 2005 አጽድቆታል። ሐሳቡ «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» የሚባለው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ1959ኙ የፈረንጆች ዓመት ውል ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ደልድሎ፣ ውሃው የሚፈልቅበትን አገር ሳይጠራ ያለፈ ነው። ድግስ ተደግሶ ባለ እህሉ አልተጠራም እንደ ማለት።

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። ዓርብ ከሰዓት መጣ። እኔም በጥድፊያ አንቀጽ 14 ላይ ደረስኩ።

ይቺ አንቀጽ ጉደኛ ናት። አገሮቹ ለዓመታት የተነታረኩት በእሷ ነው። አብዛኞቹ የላይኛው ተፋሰስ አገሮች የተቀበሉት ሐሳብ፣ አንዱ አገር የሌላውን የውሃ ዋስትና «በጉልህ» ላለመጉዳት ይስማማል ይላል። ግብፅ ደግሞ ጉልህ የምትለው ወጥታ «አሁን ያለ አጠቃቀምና መብት» የሚል ይግባ አለች። አሁን ያለ አጠቃቀም ማለት ያው 55.5 ነው። አልተግባቡም። ነገሩ በአባሪ ተቀመጠ፤ የሚቋቋመው ኮሚሽን በተቋቋመ በስድስት ወር ውስጥ ይጨርሰው ተባለ።

እኔ ይህን ሁሉ አንብቤአለሁ። ግን አረፍተ ነገሩ ረዘመብኝ። ለገበሬ የሚገባ ይሁን ተብሎ የለ? አሳጠርኩት፦ «ማንኛውም አገር የሌላውን የውሃ ዋስትና ላለመጉዳት ይስማማል።» ጥርት ያለ አማርኛ! ስልሳ ቅጂ አስባዝቼ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። የገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ ሞልቶ በመስኮት የሚያይም ነበር። የተከበሩት አባል ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። የእኔን ወረቀት ይዘው ያነባሉ፣ ያብራራሉ። እኔ ከጥግ ቆሜ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። በሆዴ «የኔ ጽሑፍ ነው» እያልኩ።

አንቀጽ 14 ላይ ሲደርሱ መሀል የተቀመጡ ሽማግሌ ዱላቸውን አነሡ። ነጭ ጋቢ፣ ጭራ በእጃቸው። አውቃቸዋለሁ። የታችኛው መንደር የውሃ አባት ናቸው። በበጋ ወንዙ ሲጠለፍ የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያወጡት፣ በሌሊት ቦይ የሰበረውን የሚቀጡት እሳቸው ናቸው።

«ይቺን እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ።

ተደገመላቸው።

«እንግዲያው እኛ ዓባይን ላንነካ ፈርማችሁ መጣችሁ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«እኔ ስንት ዘመን ውሃ ሳካፍል ኖሬአለሁ። የላይኛው ሰው ቦይ ሲከፍት የታችኛው ይጎድልበታል። ሳይጎድልበት የጠጣ ማሳ አላየሁም። የታችኛው ሰው ሊከስ ሲመጣ እኔ ጎደለብህ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ መጉደሉንማ መች አጣሁት። ደረቀብህ ወይ ነው የምለው። ይሄ ወረቀት ግን ጎደለብኝ ላለ ሁሉ ይፈርዳል። አንድ ጣሳ ብንቀዳ ተከሰስን ማለት አይደል?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የተከበሩት አባል ወረቀቱን አዩት። ከቦርሳቸው የእንግሊዝኛውን ሰነድ አወጡ። በእርሳስ የተሰመረበት፣ ዳርና ዳሩ የታጠፈ ነው። ገለጡት። ከዚያ ዓይናቸው እኔን ፈለገ።

«ና እስቲ ወዲህ» አሉኝ በቀስታ።

ሄድኩ። ጣታቸውን አንዲት ቃል ላይ አሳረፉ። ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ከዚያ የእኔን አማርኛ አስጠግተው አሳዩኝ። ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል።

ግሽ ዓባይ ከእኛ ሩቅ አይደለም። አቡነ ዘርዓ ብሩክ ለዚያ ውሃ ሰባት መጻሕፍት አደራ ሰጥተውት፣ ከዓመታት በኋላ አንዲት ፊደል ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። ልጅ ሆኜ አያቴ ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። ውሃ ሰባት መጽሐፍ ሲጠብቅ እኔ ሁለት ገጽ አቅቶኝ ቃል በላሁ።

«ስሕተቱ የእኔ ነው፤ አንዲት ቃል ዘልያለሁ» አልኩ ቆሜ። «ወረቀቱ በጉልህ ላለመጉዳት ነው የሚለው።»

ሽማግሌው አሰቡ። «ጉልህ ማለት በዓይን የሚታይ ነው አይደል? ደረቀ የሚያሰኝ?»

«ወደዚያ ነው አባቴ።»

«እንዲህ በላ! ታዲያ ለምን ዋናዋን ጣልካት?»

አረፍተ ነገሩን ላሳጥር ብዬ ነው ማለት አፈርኩ። ለእሳቸው እንዲቀል ብዬ ያወጣኋት ቃል እሳቸው በየበጋው የሚፈርዱባት ነበረች። ዛሬም አንድ ሰነድ ስተረጉም መጨረሻ ላይ ገላጭ ቃላቱን ብቻ ከዋናው ጋር በጣቴ እቆጥራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። ወደ የተከበሩት አባል ዞሩ።

«ደረቀ አልደረቀ ብሎ የሚፈርደው ማነው? የውሃ አባቱ?»

አባሉ ኮሚሽን እንደሚቋቋም፣ ለዚያ ግን ስድስት አገሮች ማጽደቅ እንዳለባቸው፣ ገና እንዳልሞላ አስረዱ።

«ያለ ውሃ አባት ቦይ ትከፍታላችሁ?» አሉ ሽማግሌው። አሁን እሳቸውም ሳቁ።

ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን ሆና ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው ጥቅምት 3 ቀን 2017 ነው። ከዚያ እሑድ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ የታወሰኝ ያ ጭራ ነው።

የዚያን ዕለት ጠላ ሲቀዳ እኔ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በስልሳው ቅጂ ሁሉ «በጉልህ» እያልኩ በእስክሪብቶ መስመር መሀል እሰገስጋለሁ። ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አንድ እንድሰጣቸው ጠየቁ። ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ከላይ ያለውን አንስቼ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ከዚያ ከታረመው ነው እንጂ ልጄ» አሉኝ፣ በዱላቸው ወደ ግራ ጎኔ እያሳዩ። «የልጅ ልጄ ነው የሚያነብልኝ። እሱ ደግሞ ያየውን ነው የሚያነበው።»