ከብሎካችን ጀርባ ያለው ጃንግል

ከብሎካችን ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ አለ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ታጥሮ ጠበቀን። ይኸው ስድስት ዓመት ሞላው፣ አንዲት ድንጋይ አልተጣለበትም። ክረምት ላይ ጉሎውና አስተናግሩ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ ይላል። ማታ ማታ ጅብ ይጮኽበታል። ሽታውን ተዉት።

የሰፈሩ ልጆች «ጃንግል» ይሉታል። «ኳሷ ጃንግል ገባች!» ሲሉ ሁሌ እሰማለሁ። አንድ ቅዳሜ አላስቻለኝም። ቃል ማረም መጥፎ አመሌ ነው። የእህቴን ልጅ ጠራሁት።

«ስማ፣ ጃንግል ማለት እኮ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። እንደ አማዞን፣ እንደ ኮንጎ። ይሄ የቆሻሻ መጣያ ነው። ደን ማየት ከፈለግህ መናገሻ ሱባ እወስድሃለሁ። ጽድ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያለህ።»

«እሺ አጎቴ» አለና ኳሷን ሊያመጣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከ።

ማታ ጋደም ብዬ ቃሉን በስልኬ ፈለግሁት። ምነው ባልፈለግሁት።

እንግሊዞች «ጃንግል»ን የወሰዱት ከሕንድ ነው። በሂንዲ «ጀንገል» ይባላል። የሂንዲውም ምንጭ ሳንስክሪት ነው፤ «ጃንገለ»። ትርጉሙስ? ደረቅ መሬት! ዛፉ የሳሳ፣ ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት፣ ውሃ የማይበረክትበት ገላጣ አገር። የጥንት የሕንድ ሐኪሞች መሬትን ሲከፋፍሉ ደረቁን «ጃንገለ»፣ ረግረጋማውን «አኑፐ» ይሉ ነበር። ለጤና የሚመርጡት ደረቁን ነው። ዛሬ ጃንግል ሲባል እኔን የሚታየኝ ወባና ጭቃ ነው።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ከተጻፈባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ በፈረንጆቹ 1776 የታተመ የሕንድ ሕግ ትርጉም ነው። እዚያ ላይ አምስት ዓመት ሳይለማ የቆየ መሬት ጃንግል ይባላል ይላል። አምስት ዓመት! የኛው ስድስት ሞልቶታል። እኛ «ጦም ያደረ መሬት» የምንለው ማለት ነው። ዛፍ ቁጠሩ አላሉም፣ ነብር ፈልጉ አላሉም። ሰው ከተወው በቃ። ሰው የተወውን ደግሞ አረም ይውጠዋል፣ አረሙን ቁጥቋጦ ይተካዋል። ቃሉም እንዲሁ ጥቅጥቅ እያለ ሄዶ፣ ኋላ የሞቃት አገር ደን ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

በእንግሊዞቹ ልስቅ አሰብኩና ጥበቃችን ጋሼ ትዝ አሉኝ። የድሮ ታጋይ ናቸው። «በረሃ ሳለን» ብለው ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ለወራት ሳዳምጣቸው የሚታየኝ አሸዋና ግመል ነበር። አንድ ቀን፣ «ዛፉ ከመብዛቱ አውሮፕላን አያየንም ነበር» አሉ።

«እንዴ ጋሼ፣ በረሃ አላሉም?»

«በረሃ ነዋ! ጫካ ገባ በለው በረሃ ወረደ፣ ያው ከቤቱ ወጥቷል» ብለው ሳቁብኝ።

እውነታቸውን ነው። ለኛም ጫካና በረሃ የሚለዩት በዛፉ ብዛት ብቻ አይደለም። አርበኞቹ ጣሊያንን ሊዋጉ ሲወጡ «ዱር ቤቴ» ነበር ያሉት። ያ ሁሉ ክብር ያለው ዱር ዞሮ ዞሮ «ዱርዬ»ንም ሰጥቶናል። ሕንዶችም ስድ የሆነውን ሰው «ጀንገሊ» ይሉታል። ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ባለቤቴ «ስልኩን አጥፋና ተኛ» አለችኝ።

በማግስቱ ልጁን ጠራሁት። «ልክ ነበራችሁ፣ ጃንግል በሉት» አልኩት። የሳንስክሪቱን ነገር ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ።

«እና ሱባ መሄዱ ቀረ?»